ስለ ዕፅዋት ነው

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሊደርስ ሳምንት ቀርቶታል። ልጅቱ በሟች ወንድሟ በይርጋ መጽሐፍ ባዮሎጂ ታጠናለች፤ እናቷ አጠገቧ የሰው ልብስ ታጥባለች። እናትየዋ ፊደል ባትቆጥርም፣ ልጆቿ የሚያጠኑትን እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለሱ ሲነግሯት ደስ ይላታል።

ልጅቱ ቆሽት ላይ ደረሰች። «ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት ሲያቅተው ሰውየው ውኃ ውኃ ይለዋል፣ ሽንት ያመላልሰዋል፣ እየበላ ይከሳል» ይላል መጽሐፉ። ይህን ጮክ ብላ ሳታነበው ዝም አለች። ይርጋም ከሁለት ዓመት በፊት ጠበል ቦታ ከመሞቱ በፊት እንዲሁ ውኃ ውኃ ይለው፣ እየበላም ይከሳ ነበር። የቀረውን በልቧ ጨረሰችው፦ ዕድሜ ልኩን በየቀኑ መርፌ እየገዛ የሚወጋ ሰው ግን ይኖራል።

«ምነው ዝም አልሽ? ምን ይላል?» አለች እናቷ።

«ስለ ዕፅዋት ነው እማዬ። ሥር ውኃ እንዴት እንደሚስብ።»

እናቷ እጇን በቀሚሷ አድርቃ ጠጋ አለችና የቆሽቱን ሥዕል በጣቷ ነካችው።

«ወንድምሽም እዚች ሥዕል ላይ ሲደርስ ነው ዝም ያለው። እሱም ስለ ዕፅዋት ነው አለኝ። ሐኪም ቤት ውሰጂኝ እያለ ሲጨቀጭቀኝ የከረመ ልጅ፣ በማግሥቱ ተነሥቶ ጠበል ይሻለኛል አለ።»