አንድ ጆግ ውሃ

ጆጉን እስከ አፉ ሞልቼ አባዬ ፊት አስቀምጣለሁ፤ ብርጭቆውን ከጎኑ። አልጠማኝም ይላል። ይጠማሃል እለውና ሶፋው ላይ ሄጄ ሪሞቱ ላይ እቀመጣለሁ። ይቆረቁራል፤ ግን አልነሳም።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ፊልሜ ነው። የሂሳብ ሥራዬን ትቼ ተዋናይ የሆንኩ ዕለት አባዬ ይቅናሽ ብሎኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዬ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ዛሬ እሁድ ከሰዓት እናቴ በስንት ልመና አስቀምጣዋለች። ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ፣ መነጽሯን ወልውላ ከጎኑ ተሰይማለች።

የቤታችን ደንብ እንዲህ ነው፤ ቴሌቪዥን ላይ ሁለት ሰዎች ከንፈር ለከንፈር ሊገጥሙ ሲሉ አባዬን ውሃ ይጠማዋል። ተነስቶ ወጥ ቤት ይገባል። እዚያ ደግሞ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ወይም የላላ የመሳቢያ እጀታ አያጣም፤ ፊልሙ ሳያልቅ አይመለስም። ልጆች ሳለን እኛም ዓይናችንን የምናሳርፍበት እያጣን አንድ በአንድ እንከተለው ነበር። በዚህ ቤት ሰው ሲተዋወቅና ሲጣላ እንጂ ሲዋደድ ያየ የለም። ወጥ ቤታችን ግን በሰፈሩ እንደሱ የተጠገነ አይገኝም።

ዛሬ እንዲነሳ አልፈልግም። ከመኝታ ቤቱ ትዕይንት ቀጥሎ፣ ወዲያው፣ የማለቅስበት አለ። በሕይወቴ ደህና አድርጌ የሠራሁት ነገር ቢኖር እሱ ነው። እሱን ሳያይ ከቀረ፣ አባቴ ስለ ሥራዬ የሚያውቀው አልጋ ላይ መውጣቴን ብቻ ይሆናል።

የፈሩት ይደርሳል። ባሌ ሆኖ የሚሠራው ሰውዬ በሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ ይዘጋዋል። መብራቱ ይደበዝዛል። ያ ማንም ሰው ገና ሲሰማው ምን እንደሚመጣ የሚያውቀው ሙዚቃ ይጀምራል። እናቴ ጥፍሮቿን መመርመር ትይዛለች። እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል።

አባዬ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ውሃ ብጤ ይላል፣ የሶፋውን ክንድ ተደግፎ ሊነሳ።

"ፊትህ ነው አባዬ።"

ጆጉን ያያል። እኔን ያያል። ተመልሶ ይቀመጥና ይቀዳል፣ ይጠጣል። ስክሪኑ ላይ ሸሚዝ ይወልቃል፤ እሱ ይደግማል። ብርጭቆውን ዓይኑ ላይ እንደ መጋረጃ ይዞ በዝግታ ነው የሚጠጣው፤ ችግሩ ብርጭቆ ያሳያል።

ዝምታውን አልችለውምና መለፍለፍ እጀምራለሁ። ከአንሶላው በታች ሁለታችንም ጂንስ ሱሪ ለብሰን እንደነበር፣ ሰውዬውን ጉንፋን ይዞት አንገቴ ሥር እያስነጠሰ ሥራው ከጠዋት እስከ ማታ እንደፈጀ፣ ዳይሬክተሩ በየመሀሉ አገጭሽን ወደ መብራቱ እያለ ይጮህ እንደነበር፣ ነገሩ ከሂሳብ መዝጋት የባሰ አሰልቺ እንደሆነ እነግራቸዋለሁ። ማንም አልጠየቀኝም።

አክስቴ ብቻ ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች። ፊቷ እየጠቆረ ሲሄድ እኔም ለውርጅብኙ እዘጋጃለሁ።

"ጫማውን ሳያወልቅ ነው እንዴ አልጋ የወጣው?" ትላለች በመጨረሻ። "በነጭ አንሶላ?"

እናቴ ከጥፍሮቿ ቀና ብላ እሱስ ነውር ነው ትላለች። አባዬም ሳያስበው ብርጭቆውን ዝቅ አድርጎ ጫማውን ይፈልጋል። ያገኘው ግን ጫማ አይደለም። ቶሎ ብሎ ይቀዳል።

ስክሪኑ ላይ ስልክ ይጮኻል። የስልክ ጥሪ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አልጋው ላይ ሆኜ አነሳዋለሁ፤ በፊልሙ ውስጥ አባቴ ሞቷል። ቤቱ እሄዳለሁ፣ ቁምሳጥኑን እከፍታለሁ፣ ጃኬቱን አውርጄ አቅፌው ወለሉ ላይ ቁጭ እላለሁ። ሳሎናችን ውስጥ ጆጉ ባዶውን ቀርቷል።

"ያ ጃኬት" ይላል አባዬ።

የሱ ነው። ቡናማው፣ ክርኑ ላይ የተጣፈው። ክረምቱን ሙሉ ሲፈልገው ከርሟል፤ ለሰው ሰጥተሽብኛል ብሎ እናቴን አኩርፏታል። እኔ ነኝ ደብቄ የወሰድኩት። በሌላ ጃኬት ሞክሬው ነበር፤ እንባዬ እምቢ አለኝ። 

እናቴ በክርኗ ጎሸም ታደርገዋለች፣ አየህ አይደል ለማለት። እሱ አልሰማትም። ያን ጊዜ ነው ጉልበቶቹን የማየው። ግጥም አድርጎ ገጥሟቸዋል። እግሩን ያጣምራል፣ ይፈታል፣ መልሶ ያጣምራል። ተረከዙ ወለሉን ይደበድባል፤ ግንባሩን ላብ አጥምቆታል። አንድ ጆግ ሙሉ ውሃ በወጣትነትም ቀልድ አይደለም። የሽንት ቤቱ በር እዚያው ከጀርባው ነው፤ ክፍት ነው።

እናቴ ገብቷታል። ጎንበስ ብላ፣ ሂድ እንጂ፣ የቀረውን እሷ ትነግርሃለች ትለዋለች።

"ዝም በይ" ይላል፣ ከስክሪኑ ሳይዞር። "ልጄ እያለቀሰች ነው።"

ዳይሬክተሩ በዚህ ላይ አትቸኩዪ ብሎኝ ነበር፤ የቻልሽውን ያህል ጊዜ ውሰጂ ብሎኝ ነበር። እንዴት እንደኮራሁበት። አሁን ስክሪኑ ላይ ያለችውን ሴትዮ በልቤ እለማመጣታለሁ፣ በቃሽ፣ ጨርሺ፣ ሰው አይጨነቅም ወይ እላታለሁ። እሷ ግን ገና የጃኬቱን እጅጌ ቀስ ብላ ወደ ፊቷ እያነሳች ነው፤ አባዬም የሶፋውን ክንድ በሁለት እጁ ጨብጦ ይጠብቃታል።