እንጀራ የማይገባበት ቤት

ጡረታ የወጡት መምህር ሣህሉ ጎመንና የተቀቀለ እንቁላል መብላት ታክቷቸዋል። ሐኪሙ «ስኳሩ እንዲወርድ እንጀራና ዳቦ ይቅር፣ ድንችም አያስፈልግም» ካለ ወዲህ ቤታቸው ሌላ ነገር ተበልቶ አያውቅም። ከጎረቤት የትኩስ እንጀራ ሽታ ሲመጣባቸው ተነስተው መስኮቱን ይዘጋሉ።

ዛሬ ልጃቸው ምንትዋብ ከሐዋሳ መጣች። የሚበሉትን ስታይ ከፋትና ይዛ የመጣችውን እንጀራ በምስር ወጥ አቀረበችላቸው።

«አንሺልኝ» አሉ፣ ምራቃቸውን እየዋጡ።

«አባባ፣ እርስዎ እኮ ስኳር የለብዎትም!» አለች። «የታመመችው እማዬ ነበረች። እሷም ካረፈች ዓመት አለፋት።»

«አውቃለሁ» አሉ፣ ሹካቸውን እያነሱ። «አብረን ነው የጀመርነው። ብቻዬን እንዴት ልተወው?»