የፋሂም ቀኝ ኪስ

ወንድሜ ፋሂም አዳራሹ መሀል ቆሟል፤ ፊት ለፊቱ፣ አምስት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ኮንስታብል ሪያድ አለ። ሌሎቹ ፖሊሶች ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደርድረው ያያሉ፤ አርባ ይሆናሉ። እኔ በሩ ጋ ነኝ። አንዲት ቃል እንዳልተነፍስ ተነግሮኛል።

የነገረችኝ የኔነሽ ናት፤ መናገር የማይችል ሰው ሲያጋጥማቸው ምን እንደሚያደርጉ ፖሊሶቹን የምታሠለጥነው። ጠዋት ስንገባ ትከሻዬን ይዛ፣ «ሩፈይዳ፣ እህቱ ነሽ፣ ይገባኛል። ግን መንገድ ላይ ሲያስቆሙት አንቺ አትኖሪም። ዛሬ ከተናገርሽለት የሚለምዱት አንቺን መስማት ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እናታችን ኩልሱም ካረፈች ዛሬ አርባ ሦስት ቀኗ። እሷ እያለች ከጎኗ አይጠፋም ነበር። አሁን እኔ ስፌት ቤት እውላለሁ፤ እሱ በየጠዋቱ ብቻውን ይወጣና ኮረሪማ ትሸጥበት የነበረው ቦታ ሄዶ ይቆማል። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ትከሻው ሰፊ ነው፤ አይናገርም። ቀስ ተብሎ ሲነገረው ጥቂት ይረዳል። ሲጮኹበት ምንም አይገባውም። ያመጣሁት ቢያንስ መልኩን እንዲያውቁት ብዬ ነው።

«ወንድሜ፣ ስምህ ማነው?» ይላል ሪያድ።

ፋሂም መስኮቱን ያያል።

«ስምህን ነው የጠየቅኩህ።»

«አኩርፎሃል» ይላል አንዱ ከኋላ። «ልክ እንደ ሚስትህ።»

አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። ሪያድም ይስቃል። ፋሂም የሳቅና የቁጣ ድምፅ አይለይም፤ ለእሱ ሁለቱም ጩኸት ናቸው። ግራ ጆሮውን በእጁ ይሸፍንና መወዛወዝ ይጀምራል። ቀኝ እጁ ወደ ጃኬቱ ኪስ ይገባል።

ኪሱ ውስጥ ያለውን አውቃለሁ። ቡና ቀላ ነው፤ ከነገለፈቱ በቅቤ የተጠበሰ ቡና። እናቴ ገና በልጅነቱ ያስተማረችው አንድ ነገር ቢኖር ይኼ ነው። ሰው ሲቆጣው፣ ሰው ሲያስፈራው፣ ጆሮው ሥር ጎንበስ ብላ «ኬኒ» ትለው ነበር፤ በኦሮምኛ ስጠው ማለቷ ነው። እሱም ይሰጣል። ቡና ቀላ ከእጅህ የበላ ሰው አይጣላህም ትል ነበር። ሰፈራችን ለምዶታል። የባጃጅ ሾፌሮቹ ሳይቀሩ «ፋሂሜ፣ የኔ ድርሻስ?» እያሉ መዳፋቸውን ይዘረጉለታል።

ሰፈሩን ያልለመደ ሰው የሚያየው ግን ኪስ ውስጥ የሚገባ እጅ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ የመጋዘን ዘበኛ ጮኸበት። እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ዱላው አረፈበት። የቀኝ እጁ አንጓ ላይ ያለው ፋሻ የዚያን ቀን ነው።

«እጅህን አውጣ» ይላል ሪያድ። አሁን አይስቅም።

ፋሻው ኪሱ ውስጥ ጠልቆ አይታየኝም።

«አውጣ አልኩህ!»

የሪያድ እጅ ቆመጡ ላይ ነው። እሱም ራሱ መቼ እንደያዘው ያወቀ አይመስልም። ልምምድ መሆኑ ቀርቷል። ወደ የኔነሽ አያለሁ። የምታየው ሪያድን ነው፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እየቆጠረች ነው። የሻሼን ጫፍ በጥርሴ ነክሼ በሆዴ ሀስቡነላህ፣ ሀስቡነላህ እላለሁ። እግሬ ግን ከበሩ ተነስቷል፤ አንድ እርምጃ ሄጃለሁ።

ጠዋት የኔነሽ ሰሌዳው ላይ የጻፈችላቸው አልጠፋም። ራቅ በል። ድምፅህን ዝቅ አድርግ። እጅህን አሳይ። አሥር ቁጠር። የሪያድ ዓይን ወደ ሰሌዳው ይሄዳል፣ ይመለሳል። ጣቶቹ ከቆመጡ ላይ አንድ በአንድ ይላቀቃሉ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ሁለት። ከዚያ ሁለት መዳፎቹን ወደ ላይ ገልብጦ ይዘረጋል፤ ምንም አልያዝኩም ለማለት ነው። ዓይኑን ግን ከፋሂም ኪስ ላይ አይነቅልም። ለካ እሱም ፈርቷል።

ፋሂም መወዛወዙን ያቆማል። የተዘረጋ መዳፍ ለእሱ አንድ ነገር ብቻ ነው።

እጁን ከኪሱ ያወጣል። ከኋላ ወንበር ይንቋቋል፤ አንዱ ተነስቷል። «ቁጭ በል» ትላለች የኔነሽ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። ፋሂም አምስቱን እርምጃ ሄዶ ጭብጡን ሪያድ መዳፍ ላይ ይፈታል።

ሦስት ፍሬ ነው። ቅቤው ደርቋል፣ የጃኬቱ ብናኝ ተጣብቆበታል። እኔ እስካሁን ቡና ቀላ ለመሥራት አቅም አላገኘሁም። እነዚህ እናታችን ከመታመሟ በፊት የጠበሰቻቸው ናቸው። ለቅሶ ላይ ለመጣ ሰው አልሰጠም፤ ለእኔም አልሰጠኝም። ይዟቸው ነው የከረመው።

ሪያድ ቀና ብሎ ያየኛል፤ ምን ላድርግ እንደማለት። ቃሌን እጠብቃለሁ። ፋሂም ራሱ ጣቶቹን ወደ አፉ አድርጎ ያሳየዋል።

«ቢስሚላህ» ይላል ሪያድ፤ አንዱን ይቆረጥመዋል። ድምፁ እስከ በሩ ይሰማል።

ፋሂም በረጅሙ ይተነፍሳል። ከዚያ አንገቱን ብቻ አዙሮ ወንበሮቹን ያያል፤ ሁሉንም፣ ከዳር እስከ ዳር። ሁሉም እንደ ሪያድ ዩኒፎርም ለብሰዋል፤ ለሁሉም ሊሰጥ ነው። እጁ ተመልሶ ኪሱ ይገባል። ታች ድረስ ይፈልጋል፤ ያጣል፤ ስፌቱን እየዳበሰ እንደገና ይፈልጋል።

አዳራሹ ሁሉ ያንን እጅ ያያል። ከእጁ ይልቅ ፊቱን የሚያየው ሪያድ ብቻ ነው።