ሁለቴ መታ መታ

«ቅዠቱን ያመጣበት መጠጡ ነው» አሉ የሾፌሩ እናት።

«ኧረ እማማ፣ መጠጡን ያመጣበት ቅዠቱ ነው!» አለች ሚስቱ።

ሾፌሩ በመካከላቸው ተቀምጦ ጫማውን ያይ ነበር። ሐኪሟ ሁለቱንም አዳምጣ ወረቀት ላይ አንጎል ሣለችና አንዲት ቦታ አከበበች። «ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ድንጋጤውና ሱሱ እዚህ ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዱ ሲነሳ ሌላውን ይቀሰቅሰዋል። የምናክማቸውም አንድ ላይ ነው።»

«እንዲህ ያለ ጎረቤት ይነቀል!» አሉ እናት።

ሾፌሩ የተከበበችውን ቦታ በጣቱ ዳሰሳት። አውቶቡሱ የተገለበጠ ዕለት የሞተው ረዳቱ፣ ተሳፋሪ አስገብቶ በጨረሰ ቁጥር የበሩን ቆርቆሮ ሁለቴ መታ መታ አድርጎ «ንካው፣ አለቃ!» ይለው ነበር። በቅዠቱ የሚመጣው የመስታወቱ መሰባበር ብቻ ነው። ያቺ መታ መታ የምትሰማው ከሦስተኛው ብርጭቆ በኋላ ነበር፤ ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

«ዶክተር፣ መጠጡን ስተው… የረዳቴ ድምፅም አብሮ ይሄዳል?»

«እሱን ቃል ልገባልዎት አልችልም» አለች፣ ቀስ ብላ።

ሚስቱ እጁን ያዘችው። እሱ በሌላው እጁ ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ መታ አደረገ። መጠጥ አማረው፤ ግን ከወንበሩ አልተነሳም።

«እጀምራለሁ» አለ። «እሱንም ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ፣ ሳልጠጣ እጠራዋለሁ።»