ለፎርማኑ የተሰጠ ምስክርነት

የማሽን ክፍሉ ፎርማን ከፀጉር የቀጠነ ስሕተት እንኳ አያሳልፉም ነበር። ቀኑን ሙሉ የተለፋበትን የብረት ዘንግ በማይክሮሜትር ይለኩና "ይኼ ለአጥር ነው የሚሆነው!" ብለው ይወረውሩታል። ቶርኖ ላይ የሚሠሩት ሁሉ ተማርረውባቸው ነበር።

አንድ ቀን ፎርማኑ ወደ አዳማው ቅርንጫፍ ሊዛወሩ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ሥራ አስኪያጁም ሠራተኞቹን ሰብስበው ስለ እሳቸው ጠየቁ።

ከቶርኖ ሠራተኞቹ አንዷ ትርሲት ባልደረቦቿን አስቀድማ መክራቸው ነበር፦ "ክፉ ከተናገርን አዳማዎች አንቀበልም ይላሉ። አሞግሰን እንሸኛቸው።"

አሞገሱ። "አባታችን ናቸው" አለ አንዱ። "ሙያ ያስጨበጡኝ እሳቸው ናቸው" አለች ትርሲት። ሌላውማ ዕንባ ተናነቀው።

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ላዛውራቸው የነበረው ከእናንተ ጋር አልተስማሙም ብዬ ነው። እንዲህ የምትወዷቸውን ሰው ግን አልነጥቃችሁም። ዝውውሩ ቀርቷል።"

ከበሩ ውጭ ቆመው ይሰሙ የነበሩት ፎርማን ዓይናቸውን እየጠረጉ ገቡ።

"ልጆቼ" አሉ፣ "እኔ እኮ በጥብቅነቴ የምትጠሉኝ መስሎኝ፣ ከእንግዲህ ልለዝብ አስቤ ነበር። ለካ ወዳችሁታል!"