ዳቦ ለዜሮ ሰው ሲካፈል

እምላለሁ፣ ይህን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ካመናችሁኝ ኮረብታው ሰፈራችን ጊቫት ሃሞሬ ከነሕንጻው ቁልቁል ወርዶ፣ ትኬት ቆርጦ፣ በአፉላ ባቡር ሃይፋ ይሂድ!

ነገሩ የጀመረው ከሙሉሸዋ ጆሮ ነው። የሙሉሸዋ ጆሮ ቤት ሻን ከተማ ሰው ሲያስነጥስ አፉላ ሆኖ "ይማርህ" የሚል ጆሮ ነው። እሷ ምድር ቤት ትኖራለች፤ ኦዴያ ከላይዋ። ኦዴያና ባሏ ዮሃናን የሒሳብ ሶፍትዌር ይሠራሉ፤ ለዓለም በነፃ የሚሰጥ፣ የፈለገ ሁሉ ገብቶ የሚጨምርበትና የሚከራከርበት። ሙሉሸዋ ይህን አታውቅም። የሰማችው ኦዴያ በረንዳ ላይ ቆማ በስልክ ስትጮህ ብቻ ነው።

"ካልተስማማህ እንለያይ፣ ዮሃናን! እኔም ሙሉውን ይዤ እሄዳለሁ፣ አንተም ሙሉውን ይዘህ ሂድ!"

ሙሉሸዋ ነጠላዋን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቃ ሽማግሌ ፍለጋ ሮጠች።

አባ አለበልንና አያ ጀምበሩን አገኘች። አባ አለበል ድመትና አይጥ አስታርቀው አማች አድርገዋል ይባላል። አያ ጀምበሩ ጉልበቱን ስለሚያመው መቆም አይችልም፤ ምላሱ ግን ተቀምጦ አያውቅም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ኦዴያ ቤት ሄዱ። ከሕንጻው በር ላይ አንድ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆሟል።

"ይሄን ማሳይት እዚህ የገተረው ማነው? ሰው በየት ይለፍ?" አለ አያ ጀምበሩ፣ ግድግዳውን እየታከከ።

ቤቱ ካርቶን በካርቶን ሆኗል። ወንበሮቹ ተገልብጠው ጠረጴዛው ላይ ወጥተዋል። የሠርጉ ፎቶ በነበረበት ግድግዳ ላይ የቀረው ምስማሩ ነው። አባ አለበል ይህን ሁሉ አይተው በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ።

"የፔሳሕ በዓል ጽዳት ማለት ይሄ ነው! ግድግዳው እንኳ አልቀራትም! ትዳሯን የጠላች ሴት እንዲህ አታጸዳም።"

ኦዴያ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

ወዲያው ደወሉ ጮኸ። ዮሃናን ነው።

"ባቡሩ ዘገየብኝ" አለ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን አየና ደነገጠ። ኦዴያ 'እኔ አልጠራኋቸውም' በሚል ዓይን አየችው።

"የገዛ ቤትህን ደወል ትደውላለህ?" አለ አያ ጀምበሩ።

"ቁልፍ አልያዝኩም።"

"የተማረ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ራሱን ይዞ ቁልፉን ይረሳል!"

ዮሃናን ውሃ ሊቀዳላቸው ኩሽና ገባ። "ኦዲ፣ ብርጭቆዎቹ የት ናቸው?" ሲል ሰሙት። ሽማግሌዎቹ ተያይተው ሳቁ።

"በሉ፣ ካልታረቃችሁ አንቀመጥም!" አሉ አባ አለበል እንደ ወጉ።

"ቶሎ ታረቁ እንግዲህ" አለ አያ ጀምበሩ፣ "ጉልበቴ እንደ እሳቸው ሽማግሌ አይደለም።"

"በምንድን ነው የተጣላችሁት?" ብለው ጠየቁ አባ አለበል።

"በዜሮ፣ አባ" አለች ኦዴያ።

"በባዶ ተጣልታችሁ ነው እኛን ደረጃ ያስወጣችሁን?" አለ አያ ጀምበሩ።

"ሶፍትዌራችን ነው። ቁጥርን ለዜሮ አካፍል ሲሉት ምን ይበል? እኔ 'አይሆንም' ብሎ ይቁም እላለሁ። ዮሃናን 'ዜሮ' ብሎ ይለፍ ይላል። ከሕንድ እስከ ብራዚል ያለው ሠሪ ሁሉ ለሁለት ተከፍሏል።"

"በረንዳ ላይ ያስጮኸሽ ይሄ ነው?" አለች ሙሉሸዋ ከበሩ ሥር።

"ይሄው ነው፣ እትዬ ሙሉሸዋ።"

አያ ጀምበሩን ሳቅ አፈነው። አባ አለበል ግን ማስታረቅ ጀምረው መተው አይወዱም።

"ማካፈል እንደ ዳቦው ነው?"

"እንደ ዳቦው ነው" አለ ዮሃናን። "ዳቦ አለ፣ ተካፋይ የለም። ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሳል?"

"ሰው ከሌለ ለምን ቆረሱት?" አለ አያ ጀምበሩ።

"እኔስ ምን አልኩ!" አለች ኦዴያ። "ጥያቄው ራሱ ተሰብሯል። የተሰበረ ነገር ላይ ዜሮ ብሎ፣ ምንም እንዳልሆነ እየመሰሉ መቀጠል..." እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

"አንድ ቦታ ተሳሳተ ተብሎ ሁሉም ይቁም?" አለ ዮሃናን ቀስ ብሎ። "ዜሮ ብለን ብናልፈው፣ የቀረው ይድናል ብዬ ነው።"

"አልዳነም እኮ፣ ዮሃናን።"

አባ አለበል ሶፍትዌር ሰውን እንዲህ እንደሚያስለቅስ አያውቁም ነበር።

"መለያየቱስ ምንድን ነው?" አሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው።

"በእኛ ሥራ ያልተስማማ ሰው ሙሉውን ገልብጦ ይሄዳል" አለ ዮሃናን። "ማንም ከማንም አይወስድም። ለሁለቱም ሁሉም ይደርሳቸዋል።"

"አቤት ፍቺ!" አለ አያ ጀምበሩ። "ላሟም ለሁለቱ፣ ጥጃዋም ለሁለቱ! እኔም ባገኘሁት!"

ዮሃናን የሠርጉ ፎቶ ወደነበረበት ምስማር ቀና አለ።

"ይቁም በቃ" አለ። "ያንቺ ይሁን። ልክ ነሽ፣ ማለፍ አይቻልም። ለሁሉም እጽፍላቸዋለሁ።"

ኦዴያ እጁን ያዘችው። ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችውም።

"ታረቁ!" አሉ አባ አለበል። "እልል በይ፣ ሙሉሸዋ!"

ሙሉሸዋ እልል አለች። እልልታው መሀል ከተማ ድረስ ወርዶ የባንክ መስኮት አንቀጠቀጠ። አባ አለበል የሁለቱን ትከሻ ይዘው መረቁ፦

"ዳቦአችሁ ተካፋይ አይጣ! ከዛሬ ወዲያ መለያየት የሚባል ቃል ከዚህ ቤት ይውጣ!"

"አሜን!" አለ አያ ጀምበሩ፣ ካርቶን ላይ ዘፍ ብሎ።

በሩ ተበረገደ። የጭነት መኪናው ሹፌር ኤላድ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ ገመድ ትከሻው ላይ ጥሎ ገባ።

"ዮሃናን፣ አሂ፣ ወንድሜ፣ ያንተን ካርቶኖች ልጫናቸው፤ አልጋው ግን ለማናችሁ ነው የደረሰው?"