የማይጠብቅ ቋጠሮ

ጣልያናዊው ካፒቴን ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ ያን ሌማት ባያይ ኖሮ ሥራነሽን የሚፈልጋት አልነበረም። ሌማቱ ውሃ ቢሞሉበት አያንጠባጥብም። ገለባበጠው፤ የስፌቱን መጋጠሚያ በጥፍሩ ፈለገ፤ አጣው። «ይህን የሰፋችውን ሴት አምጡልኝ» አለ።

ካፒቴኑ ከዐቢይ ጾም በፊት በተደረገው ውጊያ ሁለት ጣቶቹን አጥቷል። ያዘነው ግን ለጠመንጃው አልነበረም፤ ለዓሣው ነው። በአገሩ ሳለ መንጠቆን ላባና ፀጉር አልብሶ፣ በሐር ክር አስሮ ዝንብ ያስመስለው ነበር። ዓሣ ሞኝ ነው፤ እውነት መስሎት ይውጠዋል። አሁን የጨሞጋ ወንዝ አጠገቡ እየፈሰሰ ዝንብ የሚያስርበት እጅ አጣ።

ሥራነሽ የአርበኛ እናት ናት። ልጇ ሙላት ከግንባሩ በላይ ነጭ ፀጉር ይዞ በመወለዱ አገሩ «ቦቃው» ይለዋል። ጠላት ሳይወጣ ጎፈሬዬን አልላጭም ብሎ ጫካ ገባ፤ ከዚያ ውጊያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። ገሚሱ ሰው ዓባይን ተሻግሯል ይላል። ገሚሱ ደግሞ ጣልያን የወደቁትን ሁሉ በቤንዚን አቃጥሏቸዋል ይላል። እናቱ ግን አላለቀሰችም፤ እንደ ኀዘን ወጉም ፀጉሯን አልተላጨችም። ስለዚህ ልጁ አለ፣ ያለበትንም ታውቃለች ተባለ።

አስተርጓሚው እንዳላማውም ይህንኑ አመነ። «ጌታዬ፣ ይህች ሴት መንጠቆ ሰርቃ ምግብዎ ውስጥ ትጨምርብዎታለች» አለ።

ካፒቴኑ ሳቀ። «እንግዲያው መንጠቆዎቹን አንተ ጠብቅ። አንድ ከጎደለ እሷን ገበያ መካከል እሰቅላታለሁ፤ አንተንም ከጎኗ።»

በመጀመሪያው ቀን ካፒቴኑ አንዲት የቆዳ ከረጢት ፈቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። የተከረከመ ፀጉር ነበር። «ጥቁሩ ለገላው፣ ነጩ ለክንፉ» አለ።

«የምን ፀጉር ነው?» ስትል ሥራነሽ ጠየቀች።

«የፍየል ነው ብሏል» አላት እንዳላማው። ካፒቴኑ ፈገግ አለ።

ሥራነሽ ቆንጠር አድርጋ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«አይበላም እኮ፣ እትዬ» ብሎ እንዳላማው ቀለደባት።

የመጀመሪያውን መንጠቆ ስትይዝ ሐሩ ከእጇ ወደቀ። ካፒቴኑ፣ ጀማሪ ሁሉ እንዲህ ነው ብሎ አለፈው። የመንጠቆውን አንገት በሐሩ መጠምጠም፣ ፀጉሩን ማጋደም፣ እንደገና መጠምጠም፣ ቋጠሮውን በምራቅ አርጥቦ መሳብ፤ ትምህርቱ ይኸው ነው። ውሃ የማያሳልፍ ሌማት የሰፋችው ሴት ግን አንዲት ቋጠሮ ማጥበቅ አቃታት። ካፒቴኑ ገና ሲነካው ፀጉሩ ይረግፋል። በሸንበቆ ጣቶቿን ይመታና ዝንቡን ወለሉ ላይ ይወረውረዋል። እሷ ጎንበስ ብላ የረገፈውን ፀጉር ሳይቀር ትለቅማለች። መንጠቆውን አራቁታ ለእንዳላማው ታስረክባለች፤ ቋጠሮዋ እንደገና ይላላል፣ እንደገና ትመታለች።

አንዱ ቋጠሮ እንደ ምንም ጠበቀና ዓሣ ያዘ። ካፒቴኑ ደስ ብሎት ዓሣውን ቅደጅ አላት። ሥራነሽ ከጉሮሮው ውስጥ የተቦጫጨቀውን ዝንብ በጥንቃቄ አወጣች፤ መንጠቆውን አጥባ መለሰች። ዓሣው ሲጠበስ «ቅመሽ» አላት። እግሩ ላይ ወድቃ ይቅርብኝ ብላ ለመነችው። እንዳላማው መንጋጋዋን ይዞ አጎረሳት፤ ሁለቱም ከልባቸው ሳቁ።

በነጋታውም መጣች።

በሰፈር ማንም ሰላም አይላትም። ጎረቤቷ ማንጠግቦሽ ምንጭ ወርዳ፣ እሷ እየሰማች፣ «ልጅ ጫካ፣ እናት ፈረንጅ ቤት! ሹሩባዋንስ አታዩም? በየማታው እየፈታች ትሠራዋለች። የጣልያን ቀለብ ለካ ፀጉርም ያወፍራል!» አለች። ሴቶቹ ምራቃቸውን ተፉ። ሥራነሽ እንስራዋን አዝላ ወጣች።

እንዳላማው በበኩሉ እንቅልፍ አጣ። መንጠቆዎቹን ደጋግሞ ይቆጥራል፤ ልክ ናቸው፤ አያምንም። በር ላይ አስቁሞ ነጠላዋን ያራግፋል፣ መቀነቷን ያስፈታል፣ አፏን ያስከፍታል። አንድ ቀን ሹሩባዋን ሳይቀር ጉንጉን በጉንጉን ዳሰሰው። ብረት የሚመስል ነገር የለም፤ ፀጉር ነው።

በመጨረሻ ከረጢቷ ባዶ ሆነች። ሥራነሽ ገልብጣ አራገፈቻት፤ ሌላ እንዳለም ጠየቀች። የለም አሏት። ካፒቴኑ የበሬ ጭራ አስቆርጦ ሰጣት።

ያን ቀን በመጀመሪያው ሙከራ ያሰረችው ዝንብ ሊበር የተነሣ ይመስል ነበር። ካፒቴኑ ክንፉን በጥርሱ ነክሶ ሳበው። አንዲት ፀጉር አልወጣችም።

«በስንት ዱላ ተማረች!» አለ። መንጠቆዎቹ ተቆጠሩ፤ አልጎደሉም። እንዳላማው ያን ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኛ።

ሥራነሽ በነጋታው አልመጣችም። ወደ ደብሩ ሄዳ ከመምሬ ፍቅረ ሥላሴ ፊት ቆመች። ቄሱ ሲያዩዋት ፊታቸውን አዞሩ።

«ለልጄ ፍትሐት እንዲያደርጉልኝ ነው የመጣሁ፣ መምሬ። የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው።»

«ሙላት ሞተ? ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝ።»

«ማንም ካልነገረሽ፣ አስከሬን ከሌለ፣ ምኑን ልፍታው? የምቀብረውን አምጪልኝ!»

ሥራነሽ ሻሿን አወለቀችና ሹሩባዋን መፍታት ጀመረች።